በእሳትና በውኃ መካከል አለፍን

“በእሳትና በውኃ መካከል አለፍን፥ ወደ ዕረፍትም አወጣኸን” የሚለውን የዳዊት ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። እሳቱን በዓይኔ ያየሁት ግን ከዓረብ አገር ተነሥቼ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ እናቴ ቤት ልመለስ በተሳፈርኩበት አውሮፕላን ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣልና የነገሩ ቅደም ተከተል ቢዘበራረቅብኝ አንባቢ ይታገሠኝ።

በዚያ ሌሊት የተሳፈርኩት እየጸለይኩ አልነበረም። አባቴ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለው ቤታችን ታምሞ ሲያርፍ፣ አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን ይዘው ስለከለከሉኝ አፈር ሳላለብሰው ቀርቻለሁ። ከዚያ በኋላ በእግዚአብሔር ላይ ክፉኛ ተቆጣሁ። “አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?” ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም፤ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ግን መጠበቁንም ትቼ ነበር። ውዳሴ ማርያሜን ከሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። የመውጫ ወረቀቴ እስኪፈቀድ ድረስ ክረምቱም በጋውም አለፈ። እናቴ ግን በስልክ በተገናኘን ቁጥር “ልጄ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ትደርሻለሽ፤ ተስያለሁ” ትለኛለች፤ እኔም ለእርሷ ስል ብቻ “አሜን እማዬ” እላታለሁ።

መቀመጫዬ በቀኝ በኩል፣ ከክንፉ ጀርባ፣ በመስኮቱ ዳር ነበር። በሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆመ፤ መብራቱ ደበዘዘ። አንደኛው ሞተር ተነሥቶ የእኛ ወገን ሞተር መጮህ ሲጀምር ድንገት “ቡፍ” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ነጩ ክንፍ በአንድ ጊዜ ብርቱካንማ ሆነ። ፊቴን ወደ መስታወቱ ባስጠጋ ከሞተሩ ኋላ የሚወጣው ነበልባል እንደ ምላስ እየረዘመና እያጠረ ይወዛወዛል። ከኋላዬ አንድ ሰው በዓረብኛ ጮኸ፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ አንዲት እናት ደግሞ “ልጄን! ልጄን!” አለች። አስተናጋጆቹ “ተቀመጡ!” እያሉ ይጮኻሉ። ሞተሩ አሁንም ይዞራል፤ ነበልባሉ ቀነስ አለ፣ ዕፎይ ልንል ስንል ደግሞ የፈሰሰው ነዳጅ ከክንፉ በታች አስፋልቱ ላይ መንደድ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ የሚበልጥ አልነበረም ይላሉ። ለእኔ ግን የዚያ መቀመጫ ቀበቶ ጥብቀት፣ በመስታወቱ በኩል ጉንጬ ላይ የተሰማኝ ሙቀት፣ በአጠገቤ የነበረችው ሴት ክንዴን የጨመደደችበት ጥፍሯ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆየ ይመስለኛል። ጸሎት ፈለግሁ፣ አጣሁ። አባታችን ሆይ እንኳ ከመካከል ተቆረጠብኝ። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ የወጣው “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” ነበር፤ እንደ ስቅለት ዕለት በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ ስል ያቺ ሴት ተቀበለችኝ፣ ከፊታችን ያሉትም ተቀበሉን። “ገብርኤል ሆይ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ያወጣህ፣ ለእናቴ ስትል” አልኩ። “ለእኔ ስትል” ለማለት አፌ አልደፈረም።

ከዚያ “ውጡ!” የሚለው ትእዛዝ መጣ። በቀኙ በር የነበረችውን አስተናጋጅ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት። በትንሿ መስኮት እሳቱን አይታ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች፤ የተገፋውን ሕዝብ በሁለት እጇ ወደ ግራ መለሰችው። እኔ ሻንጣዬን ከላይ ላወርድ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ የነበረ ወጣት “እኅቴ፣ ተይው! ነፍስሽን አውጪ!” ብሎ ገፋኝ፤ ስሙን አላወቅሁም፣ አምላክ ያውቀዋል። መንሸራተቻው ላይ ስዘል መዳፌና ክርኔ ተላጠ። መሬት እንደ ነካሁ በባዶ እግሬ ሮጥኩ፤ ዘወር ብዬ ሳይ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ነጭ አረፋ እየረጩበት ነበር። የሞተ ሰው የለም፤ ከመላላጥና ከወለምታ በቀር ከባድ ጉዳት የደረሰበትም አልነበረም።

በአውሮፕላን ጥገና ሙያ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሞተር ሲነሣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ተጠራቅሞ በጭስ መውጫው በኩል ሊነድ ይችላል። እንዲህ ያለውን እሳት በአብራሪው ፊት ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ላያሳየው ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ከታች ቆሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚነጋገረው ሠራተኛ ነው። ያን ጊዜ ነዳጁ ተቋርጦ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ እንዲዞር ይደረጋል፤ ነፋሱ እሳቱን እፍ ብሎ እንዲያወጣው ማለት ነው። እኔ ሞተሩ መዞሩን ሳይ ያበዱ መስሎኝ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ለመነሣት በመንደርደር ላይ ሳለ ሞተሩ በተቃጠለ አውሮፕላን 55 ሰዎች መሞታቸውን፣ አብዛኞቹን የገደለው ጭስ መሆኑን፣ ነፋስም እሳቱን ወደ ተሳፋሪዎቹ እንደ ገፋው የነገረኝም እርሱ ነው። የእኛን ሌሊት ነፋስ ማን እንዳዘዘው እኔ አውቃለሁ። “ሥርዓቱ ነው ያዳናችሁ” ሲለኝ አልተከራከርኩትም፤ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው በቦታው እንዲገኝ ያደረገውን ነው የማመሰግነው።

ሠለስቱ ደቂቅም ቢሆኑ ወደ እቶኑ ከመጣል አልዳኑም፤ የዳኑት በእቶኑ ውስጥ ሳሉ ነው። አባቴ ሲሞት ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ስከስሰው የኖርኩት አምላክ ያን ጊዜም ከእኔ ጋር እንደ ነበረ አሁን አምናለሁ፤ ኀዘኑ ግን አልቀለለኝም፣ ቀለለኝ ብዬ ብመሰክር ሐሰት ይሆንብኛል። የእነርሱን ልብስ የእሳት ሽታ አልነካውም ይላል መጽሐፉ፤ የእኔ ሻሽ ግን ሁለት ጊዜ ታጥቦም የነዳጅ ሽታው አለቀቀውም።

በማረፊያ አዳራሹ እስኪነጋ ተቀምጬ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ ጀመርኩ። ግማሹ ጠፍቶኝ ነበርና ያቺ የክንዴ ጓደኛ እየሞላችልኝ ጨረስን። ሌላ አውሮፕላን ተሰጥቶን አዲስ አበባ ገባሁ፤ በአውቶቡስም ታኅሣሥ 18 ማታ ሐዋሳ ደረስኩ። በማግስቱ እናቴ የተሳለችውን ዣንጥላ ይዛ፣ እኔ ጧፍ ይዤ፣ ከነጭ ለባሹ ምእመን ጋር ወደ ቅዱስ ገብርኤል ሄድን። ታቦቱ ሲወጣ እናቴ እልል አለች፤ እኔ ድምፄ አልወጣም።

አብራኝ ትኖር የነበረች እኅቴ የመውጫ ወረቀቷን እየጠበቀች አሁንም እዚያው ናት። እናቷን ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ በጸሎታችሁ አስቧት።