ያላየሁትን የቀጣሁ ዕለት

ዳማ ጥንቸል አባራሪ ውሻ ነው። ሌላ ሥራ የለውም። ዘሩ ቢግል ነው፤ እግሩ አጠር፣ ጆሮው ዘርፈፍ ያለ፣ አፍንጫው መሬት ከነካ ደግሞ የራሱን ስም ሳይቀር የሚረሳ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ አመል አወጣ። አጋዘን መከተል ጀመረ።

በውሻ አድኖ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጥንቸልም እንስሳ፣ አጋዘንም እንስሳ። ልዩነቱ ሩጫቸው ላይ ነው። ጥንቸል ስትባረር ከሰፈሯ ብዙ አትርቅም። ዞራ ዞራ ወደተነሣችበት ትመለሳለች። ስለዚህ እኔ አንድ ቦታ ቆሜ የውሻዬን ድምፅ እሰማለሁ። ድምፁ ይርቃል፣ ይታጠፋል፣ ይቀርባል። የዚህ አደን ደስታው እሱ ነው፤ ጥንቸሏ ተገኘች አልተገኘች ብዙም አይደንቀኝም። አጋዘን ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኮረብታ ይሻገራል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ የመኪና መንገድ ያቋርጣል። ውሻውም ከኋላው። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጭጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው አደን አይደለም፤ ፍለጋ ነው። አስፋልት ላይ የቀሩ ውሾች ብዙ ናቸው። በብዙ አገር ደግሞ ያለፈቃድ አጋዘን የሚያባርር ውሻ ከተገኘ በሕግ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋ ዕለት እስከ እኩለ ሌሊት በባትሪ ፈለግሁት። ሳፏጭ አፌ ደረቀ። በመጨረሻ የድሮ አዳኞች የሚያደርጉትን አደረግሁ። የለበስኩትን ጃኬት አውልቄ፣ ዳማን የለቀቅሁበት ቦታ ላይ አንጥፌው ወደ ቤት ሄድኩ። የጠፋ ውሻ ብዙ ጊዜ የራሱን ዱካ ይዞ ወደተነሣበት ይመለሳል። እዚያ የባለቤቱን ጠረን ካገኘ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ ስመለስ ጃኬቴ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። መዳፉ ተልጧል፣ የጅራቱ ጫፍ በእሾህ ደምቷል። ሲያየኝ ያንኑ የደማ ጅራቱን ቆላልኝ። ጥፋት የሠራ አይመስልም። በሱ በኩል ሆኖ ላየው ደግሞ አልሠራም።

አጋዘን በሰኮናው ስንጥቅ መሃል ጠረን የሚያወጣ ዕጢ አለው። በረገጠ ቁጥር ጠረኑን መሬት ላይ እያተመ ይሄዳል ማለት ነው። (በግም ይሄ ዕጢ አላት። በግ በበዛበት አካባቢ የሚያድን ሰው ሥራው እጥፍ ነው።) የጥንቸል ዱካ ግን ሾላካ ነው። ትቆማለች፣ በመጣችበት ትመለሳለች፣ ድንገት ወደ ጎን ትዘላለች። ውሻው ዱካውን ይጥላል፣ ዞሮ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ደግሞ ይጥላል። ከዚህ ልፋት በኋላ የአጋዘን ዱካ ሲገጥመው አስቡት። ከጭቃ መንገድ ወጥቶ አስፋልት እንደመግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የሠለጠኑ ውሾች ከ2 እስከ 5 የሚሆን የሰው እርምጃ ብቻ አሽትተው፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ውስጥ ሰውየው ወዴት እንደሄደ ለይተዋል። እንዲህ ላለ አፍንጫ የአጋዘን ዱካ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ነው።

ሌላው ሽልማቱ ነው። ለቢግል ሽልማቱ ጥንቸሏን መያዝ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አይዛትም። ሽልማቱ ማባረሩ ራሱ ነው። በሮጠ ቁጥር ተከፍሎታል። ስለዚህ “ተዉት፣ ሲሰለቸው ይተዋል” የሚለው ምክር አይሠራም። አሥር ጊዜ ከልክዬው አንዴ ካመለጠኝ፣ ያቺ አንዷ ለሚቀጥለው አሥር ስንቅ ትሆነዋለች። ቁማርተኛን ጠይቁት።

የድሮ መድኃኒቶችም አሉ። ውሻውን ከአጋዘን ቆዳ ጋር በርሜል ውስጥ ከትቶ ማንከባለል አንዱ ነው። ዶሮ የገደለን ውሻ የሞተችውን ዶሮ አንገቱ ላይ አስሮ እስክትበሰብስ ማዞር ሌላው። ሁለቱንም “ሞክሬ ሠርቶልኛል” የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በርሜል ውስጥ የተንከባለለ ውሻ የሚማረው በርሜል መጥላት ነው፤ ሌላ ምን ሊማር ይችላል?

እኔ ግን ከነሱ እሻላለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ዘመናዊ ነኛ። በሪሞት የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ገዛሁ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የራሴን ክንድ ላይ ሞከርኩት፤ ዝቅተኛው እንደ ጉንዳን ቁንጥጫ ነው፣ ከፍ ያለው ግን ሪሞቱን ያስጥላል። ሁለት ሳምንት ሳላበራው አሰርኩለት፣ ማሰሪያው ራሱ ነዛሪ መሆኑን እንዳይለይ። ሁሉንም በሥርዓቱ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። መሬቱ ርጥብ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ነፋስ የሌለበት፤ ለጠረን የተመቸ ቀን። ዳማ ጥሻው ውስጥ ገባ። ብዙ አልቆየም፣ ጮኸ። ከጥሻው ወጣና በአሮጌው አጥር ጥግ ቀጥ ብሎ ነጎደ። ድምፁ አልተቆራረጠም። አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ራቀ። እኔ ድምፁን አውቃለሁ ባይ ነኝ። ጥንቸል ላይ ሲሆን እየጮኸ፣ ዝም እያለ፣ እየጮኸ ነው። ያለማቋረጥ ከጮኸ አጋዘን ነው። “ያዝኩህ!” አልኩና ተጫንኩ። ከፍ አድርጌ።

ጩኸቱ ወደ ሲቃ ተቀየረ። ቆመ። እኔ ኮራሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፣ በአጥሩ ጥግ ታች በኩል አንዲት ጥንቸል እየተዝናናች መጣች። ጆሮዋ ቆሟል። ከፊቴ አሥር እርምጃ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ የተነሣችበት ጥሻ ውስጥ ገባች።

አጥሩ ሥር ያለው ቦይ ቀጥ ያለ ነው። ጥንቸሏ ቦይውን ይዛ ሮጠች፤ ዳማም ተከተላት። ሌላ ነገር አልነበረም። ኋላ ወርጄ ጭቃውን አየሁ። የአጋዘን ኮቴ የሚባል አንድም የለም።

ዳማ ስድስት ሳምንት ጥሻ አልገባም። ከእግሬ ሥር አይለይም ነበር። ጥንቸል ከፊቱ ስትነሣ አንገቱን ይሰብራል። ማሰሪያውን ከመስቀያው ሳነሣ ደግሞ ሆዱን መሬት ላይ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጀርመን ጥናት 14 ቢግሎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን የሚነዘረው ሰው ሠራሿን ጥንቸል ሲነካ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ተጠርቶ ካልመጣ፣ ሦስተኛው እንዲሁ በዘፈቀደ። ከምራቃቸው በተለካው ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) የኋለኞቹ የሁለቱ ቡድኖች ጭንቀት ከፍ ብሎ ተገኘ። በምን እንደተነዘረ የገባው ውሻና ያልገባው ውሻ አንድ አይደሉም። የኔን ዳማ ወስጄ ሦስተኛው ቡድን ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ።

አፍሬ ሄጄ የነገርኩት ሰው አርባ ዓመት ሙሉ በውሻ ያደነ ሽማግሌ ነው። ጋሼ ነው የምለው። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

“አጋዘኑን አይተኸው ነበር?”

“አይ ጋሼ፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ ስለሄደ ነው።”

“ታዲያ ያላየኸውን በምን ትቀጣለህ?”

መልስ አልነበረኝም። እሱም መልስ አልጠበቀም። “ማሰሪያውን ሽጠው” አለኝ፣ “ገመድ ግዛ።”

ገመዱ አሥር ሜትር ነው። መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ከአደን ጋር ምንም አይገናኝም። በእጄ ቁራሽ ሥጋ ጨብጬ “ተወው” እላለሁ። አፍንጫውን ከእጄ ሲያነሣ ከሌላኛው እጄ የተሻለ ቁራሽ ያገኛል። መሬት ላይ በተጣለ አጥንት ደገምነው። ከዚያ በዶሮ። ከዚያ ጋሼ በክዳን ማሰሮ በሰጠኝ የአጋዘን ቆዳ። ዳማ ቆዳውን ሲያሸት እኔ ሐውልት እሆናለሁ፤ አልቆጣም፣ አልጎትትም። አፍንጫውን ነቅሎ ወደኔ ሲዞር ዓለም ይከፈትለታል። ያቺ የዞረባት ሰከንድ ናት ዋናዋ። ሁለት ሰከንድ ከዘገየሁ የሸለምኩት ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ሜዳ ወጣን። አጋዘኖች ማለዳ የሚግጡበት፣ ከሩቅ የሚታዩበት። መጀመሪያ ሁለት መቶ ሜትር ላይ። ዳማ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ጠብቄያለሁ፣ እግሬ ደንዝዞ። ዓይኑን ነቅሎ ሲያየኝ ይሸለማል። በየሳምንቱ ጥቂት እንቀርባለን። የገረመኝ አንድ ሜዳ ላይ የጨረስነውን ትምህርት ሁለተኛው ሜዳ ላይ ፈጽሞ አለማስታወሱ ነው። ውሻ የተማረውን ከተማረበት ቦታ ጋር ሰፍቶ ነው የሚይዘው። አራት ቦታ ላይ ከሀ ጀመርን።

የዱካውን ልምምድ ግን እኔው አበላሸሁት። የጥንቸል ቆዳ በገመድ ጎትቼ አንድ መስመር ሠራሁ። የአጋዘኑን ቆዳ ደግሞ አቋርጬ ጎተትኩ። መጋጠሚያው ላይ ወደ አጋዘኑ ከዞረ ገመዱ ይይዘዋል፣ ምንም አይገኝም። የጥንቸሉን ከቀጠለ መጨረሻው ላይ ድግስ አለ። ዳማ መጀመሪያውኑ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ለጋሼ ስነግረው እየሳቀ “ቆዳውን በየት በኩል ጎተትከው?” አለኝ። ከኋላዬ። “እንግዲያ ውሻህ የሚከተለው የጫማህን ጠረን ነው።” ለካ ቆዳው በረጅም እንጨት ጫፍ ታስሮ፣ ወደ ጎን ርቆ ነው የሚጎተተው። እንደገና ስንሠራው ዳማ ከአምስት ሦስቱን ሳተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብዙውን ያስተማረችው ግን እሜቴ ናት፤ የጋሼ ውሻ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አልቋል፣ ክብሯ አላለቀም። ሁለቱን አብረን ስንወስዳቸው ዳማ ትኩስ የአጋዘን ዱካ አግኝቶ መጮህ ጀመረ። ገመዱ ላይ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም። እሜቴ መጣች። አሸተተች። ቀና ብላ አየችውና እዚያው ቁጭ ብላ ጎኗን ማከክ ያዘች። አባራሪ ውሻ ሲጮህ ጓደኛው ካልተቀበለው ድምፁ ያፍራል። የዳማም ጩኸት መሃል ላይ ወደ ጥያቄ ተቀየረ። ይሄ ነገር በተቃራኒውም ይሠራል፣ ልብ በሉ። ሁለት ያልተገሩ ወጣቶች አብረው ከተለቀቁ አንዱ ለሌላው ድፍረት ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን ሁለት ቡችላ አንድ ላይ አልለቅም።

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ይሉኛል ወዳጆቼ። ልክ ናቸው። ዳማ አጋዘን አልጠላም። ሲያሸት አሁንም ጆሮው ወደፊት ይመጣል፣ ጅራቱ ይፈጥናል። የምፈልገው እንዲጠላ ሳይሆን ትቶት እንዲያልፍ ነው። አሁን አንገቱ ላይ ጂፒኤስ አለ። የሚነዝረው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያው አጥር ሄድን። ከዓመት በላይ አልረገጥነውም ነበር። ዳማ ጥሻው ጫፍ ላይ ቆሞ አየኝ። “ግባ” አልኩት። ገባ። ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ወጣና በቦይው ይዞ ነጎደ። ድምፁ አልተቆራረጠም። ቀጥ ብሎ ራቀ፤ ልክ እንደዚያ ቀን። እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ውስጥ ገባ። ቁልፍና የደረቀ የሥጋ ፍርፋሪ ብቻ ነው ያለው። ጂፒኤሱን ላየው ፈልጌ ተውኩት። ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ። ስድስት። ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ዘጠኝ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ታጠፈ።