ስፖርት በእጥፍ የሚቆጠርበት ከተማ

አዳማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ሚኒስትሪ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የኔ ፔሬድ ነው። የሒሳቡ መምህር በር ላይ ይቆምና «ቲቸር፣ የዛሬን ብቻ ልቀቅልኝ» ይላል። እለቃለሁ። ስፖርት ሚኒስትሪ ላይ አይመጣ፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ቶኪዮ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የልጇን የሃይስኩል መግቢያ ነገር ስታወራኝ ጆሮዬ የቆመውም ለዚህ ነው።

ጃፓን ውስጥ ግዴታው ትምህርት ዘጠኝ ዓመት ነው። ሃይስኩል ለመግባት ልጆቹ ይወዳደራሉ። አሠራሩ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ የማወራው ስለ ቶኪዮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። ፈተናው ጃፓንኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና ሶሻል ነው። እያንዳንዱ ከ100፣ በ50 ደቂቃ፣ ሁሉም ባንድ ቀን። 500ው ወደ 700 ይቀየራል፤ 300ው ደግሞ ከክፍል ውጤት ይመጣል። በፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና 20 ነጥብ ስለጨመረ ድምሩ 1020 ሆኗል።

ጉዱ ያለው 300ው ውስጥ ነው። ዘጠኝ ትምህርቶች ከ1 እስከ 5 ይታረማሉ። ፈተና ያላቸው አምስቱ እንዳሉ ይደመራሉ። ፈተና የሌላቸው አራቱ ግን፣ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ስፖርትና ጤና፣ ቴክኖሎጂና ባልትና፣ በሁለት ይባዛሉ! ሁሉንም 5 ላመጣ ልጅ 25 እና 40፣ 65። ይሄ ነው ወደ 300 የሚቀየረው።

እስክሪብቶ አንስቼ አሰላሁት። ስፖርት ከ3 ወደ 4 ያደገ ልጅ 9 ነጥብ ከምናምን ይጨምራል። ፈተናው ላይ አንድ ማርክ 1.4 ነጥብ ናት። ሒሳብ ላይ ከ6 ማርክ በላይ አገኘ ማለት ነው። ወረቀቱን ለሒሳቡ መምህር ሻይ እየጠጣን አሳየሁት። አየት አደረገና «እና ጃፓን ሂዳ!» አለኝ።

ደስ ቢለኝም ሁሉንም አልወደድኩትም። በፈረንጆቹ እስከ 2002 ድረስ 5 የሚያገኙት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ኮታ ነበረው። አሁን ሁሉም የሚለካው በመስፈርት ነው፤ ይሄ ጥሩ። ግን አንዱ መስፈርት ልጁ ለመማር ያለው ፍላጎት ነው። የአክስቴ ልጅ እንደምትለው ልጇ መልሱን ባያውቅም እጁን ያወጣል፤ መምህሩ እንዲያየው ነዋ። አስራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በየፔሬዱ ትወና ላይ ነው።

እኛ ጋ ቢሆን ደግሞ ስልኬ አያርፍም ነበር። አንዱ አባት ቡና ሊጋብዘኝ፣ ሌላዋ እናት «ልጄኮ ኳስ ነፍሱ ናት» ልትለኝ። ሩጫን በሰከንድ፣ ዝላይን በሜትር እይዘዋለሁ፤ የተከራከረኝን ሰው ሜዳ ወስጄ አሳየዋለሁ። የልጅን ፍላጎት በምን ይዤ ነው 3 ነው፣ 4 ነው የምለው? እጥፉን ይስጡኝ፣ ይቺን ግን ይተዉልኝ።