ቀይ አፈር በሻላታ ኮረብታ

ከቪየና ወደ ዛግሬብ የሚሄደው ባቡር ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ በግራትስ ያልፋል፣ ስሎቬኒያን ይሰነጥቃል፣ ከዚያ የሳቫን ወንዝ ጎን ለጎን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የያዝኩትን ቂጣ እየገመጥኩ፣ እናቴ ብትሰማ «ምን በወጣህ!» የምትልበትን ጉዳይ ይዤ ነበር የምጓዘው። ራኬቷን ከሰቀለች 20 ዓመት ያለፋት የአንዲት ቴኒስ ተጫዋች የትውልድ ከተማን ለማየት።

ተጫዋቿ ኢቫ ማዮሊ ናት። ዛግሬብ ውስጥ በ1977 ተወለደች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ግን አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለሁ በአንድ ክለብ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ እንለቅማለን፣ ማታ ማታ ቀዩን ሜዳ እንጠርጋለን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጥቂት ሳንቲም እናገኛለን። በቴኒስ አንዱ የጨዋታ ክፍል «ሴት» ይባላል፤ አንዱ አባል «ዛሬ ሁለት ሴት አሸነፍኩ» ብሎ ሲፎክር እኛ ልጆቹ እየተያየን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1989 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ጁን 7 ቀን 1997፣ ቅዳሜ ነበር። የክለቡ ቡና ቤት በር ላይ ቆመን፣ ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድልን አንገታችንን አስግገን፣ ፓሪስ ላይ የሚካሄደውን የሮላን ጋሮስ ውድድር የሴቶች ፍጻሜ አየን።

የአባላቱ ሁሉ ልብ ከማርቲና ሂንጊስ ጋር ነበር። ሂንጊስ 16 ዓመቷ ነው፣ የዓለም አንደኛ ናት፣ በዚያ ዓመት ያደረገቻቸውን 37 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፋለች። በወዲያኛው በኩል የቆመችውን ማዮሊን ግን፣ ውድድሩ ሲጀመር ከብርቱዎቹ ተርታ 9ኛ ተመዳቢ የነበረችውን፣ ስሟን እንኳን አስተካክሎ የሚጠራ አልነበረም። እሷ ኳሱን ወደ ሜዳው ጫፍ እያስረዘመች፣ በሁለት እጇ ጭምር ጠንክራ እየመታች፣ ያቺን ብልህ ልጅ ለማሰቢያ ጊዜ ነሳቻት። 6 ለ 4፣ 6 ለ 2። አለቀ። ቡና ቤቱ ዝም አለ፤ እኛ በር ላይ የቆምነው ግን ጮህን። ለምን እንደጮህን እስከ አሁን አላውቅም። ምናልባት እኛም ስማችንን የሚጠራን ስላልነበረ ይሆናል።

ዛግሬብ እንደ ደረስኩ ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ በሰማያዊዎቹ ትራሞች ወደ ዋናው አደባባይ ሄድኩ። መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፍሬ ሦስት ፌርማታ ያህል እንደ ተጓዝኩ ባልናገረው ይሻላል። አደባባዩ መሐል የጥንቱ የክሮኤሺያ ገዥ (ባን) የላቺች በፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፉን ዘርግቷል። ሐውልቱን በ1866 የሠራው ቪየና ውስጥ በየቀኑ የማልፍበትን የአርክዱክ ካርልን ፈረስ የቀረጸው ፌርንኮርን ነው፤ አሠራሩን ሳየው የአገሬን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ኮሚኒስቶቹ በ1947 አፍርሰው አነሡት፤ በ1990 ሲመለስ ፊቱ ዞሯል። ድሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሃንጋሪ ነበር የሚያየው፤ አሁን ወደ ደቡብ ያያል።

ፈረሱን ሳይ የሂንጊስ ፈረስ ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከፈረስ ወድቃ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ ሮላን ጋሮስ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ውድድሯ ነው። ስለ ማዮሊ ሲወራ ሁልጊዜ ይህ ፈረስ ከኋላ ይከተላል። «ዋንጫውን ፈረሱ ነው የሰጣት» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጉልበቷ የታመመ ልጅ እንዴት ስድስት ጨዋታ አሸንፋ ፍጻሜ ደረሰች? በግማሽ ፍጻሜው ሞኒካ ሴሌሽን በሦስት ክፍል ስትጥል ጉልበቷ የት ነበር? ማዮሊ በበኩሏ አራተኛው ዙር ላይ በሊንድሴይ ዳቨንፖርት የመጀመሪያውን ክፍል ተነጥቃ ተመልሳ አሸነፈች፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ ሩክሳንድራ ድራጎሚርን፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሽቴፊ ግራፍን ያሰናበተችውን ደቡብ አፍሪካዊት አማንዳ ኩትዘርን፣ ሁለቱንም በሦስት ክፍል ጣለች። የኩትዘሩ መጨረሻ 7 ለ 5 ነበር። ፈረስ ይህን ሁሉ አይጋልብም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የዛግሬብ ሰው ቡናውን እንደኛ አይቸኩልበትም፤ አንዲት ትንሽ ሲኒ ይዞ ሁለት ሰዓት ያወራል። በአይብ የተሞላውን ሽትሩክሊ አዝዤ አስተናጋጁን ስለ ማዮሊ ጠየቅኩት። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ዶና ቬኪችን ያውቃል፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘችውን። ጎራን ኢቫኒሼቪችንማ ማን ይረሳል! ማዮሊን ግን አሰበ፣ አሰበ፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ኢቫኒሼቪች ዊምብልደንን ያነሣው በ2001 ነው፤ ለዚች አገር የመጀመሪያውን የግራንድ ስላም፣ ማለትም ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የአንዱን፣ የነጠላ ዋንጫ ያመጣችው ማዮሊ ናት፣ አራት ዓመት ቀድማ። ከክሮኤሺያ ሴቶችም እስከ ዛሬ የደገማት የለም። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ልጁ ሥራ ላይ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሻላታ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣሁ። ከመሐል ከተማ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። እላይ የስፖርት ማዕከል አለ፣ በክረምት በረዶ ላይ ይንሸራተቱበታል፣ በበጋ ቀያይ የቴኒስ ሜዳዎች ይታያሉ። ማዮሊ እዚያ ነው የተጫወተችው ብሎ የነገረኝ የለም፤ እኔን የጠራኝ አፈሩ ነው። «የሸክላ ሜዳ» የሚባለው በእርግጥም ሸክላ ነው፤ ተፈጭቶ ዱቄት የሆነ ጡብ።

አንድ አዛውንት በጎማ ቱቦ ውኃ እያርከፈከፉ ነበር። ክሮኤሽኛ አልችልም፤ በጀርመንኛ «እንደምን አደሩ» ስላቸው በጀርመንኛ መለሱልኝ፣ ያውም በሽቱትጋርት ለዛ። ለብዙ ዓመት እዚያ ግንበኛ ነበሩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቱቦውን ዘጉት።

«ኢቫ?» አሉ። የአባቷን ስም አልጨመሩም። «በ1995 ፊልደርሽታት ሄጄ አይቻታለሁ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር፣ ባንዲራ ይዘን።»

ያ ጥቅምት የእሷ ወር ነበር። ዙሪክ ላይ ሜሪ ፒርስን በፍጻሜ አሸነፈች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው ፊልደርሽታት ጋብሪዬላ ሳባቲኒን። 18 ዓመቷ ነው። በዚያ ወር የአገሯ ጦርነት ገና ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም። እሷ ከልጅነቷ ፍሎሪዳ፣ አሠልጣኙ ኒክ ቦሌቲዬሪ ዘንድ ስትሠለጥን ነው የቆየችው፤ ወደ ባለሙያነት የገባችበት 1991 ክሮኤሺያ ነፃነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው። አዛውንቱ ባንዲራው አዲስ ስለነበር መታጠፊያው እንኳን አልጠፋም ነበር አሉኝ። ከዚያ በጥር 1996 ከኢቫኒሼቪች ጋር፣ አገሮች በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት የሚወዳደሩበትን ሆፕማን ካፕን አሸነፈች። እዚያም ተጋጣሚዋ ሂንጊስ ነበረች፤ የሂንጊስ አጣማሪ ማርክ ሮሴ በንዴት ሰሌዳ በቡጢ መትቶ እጁን ሰበረና ጨዋታው ተቋረጠ። አዛውንቱ ይህን ሲተርኩ ቡጢያቸውን ጨብጠው አጥሩን ሊመቱ ነበር። በየካቲት ማዮሊ የዓለም 4ኛ ሆነች፤ ከዚያ በላይ አልወጣችም።

«የፓሪሱንስ ምን ይላሉ? ፈረሱ ነው ይባላል» አልኳቸው።

አዛውንቱ መልስ አልሰጡኝም። ጎንበስ ብለው ከመስመሩ ውስጥ በጣት የምትለካ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ምልክት አሳዩኝ። የትናንት ማታ ኳስ ያረፈበት ነው። በሣር ላይ፣ በሲሚንቶ ላይ ኳስ የት እንደወደቀ መከራከር ይቻላል። በአፈር ላይ ግን ምልክቱ አለ፤ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ያየዋል።

«ሄዶ ማየት ነው» አሉ።

የቀረውን አጠር አድርገን አወራነው፤ ሁለታችንም አልወደድነውም መሰለኝ። ትከሻዋ ታመመ፣ ደረጃዋ አሽቆለቆለ፣ ዋንጫ የሌለበት ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። እኔ ግን አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ በ2002 ቻርለስተን ላይ፣ ተመዳቢ እንኳን ሳትሆን ገብታ፣ በፍጻሜው ፓቲ ሽኒደርን ረትታ ስምንተኛውንና የመጨረሻውን የነጠላ ዋንጫዋን አነሣች። ከፓሪስ አምስት ዓመት በኋላ። ይህኛው ላይ ፈረስ አልነበረም። በ2004 አቆመች፤ በ2012 ደግሞ የክሮኤሺያ የሴቶች ቡድን አለቃ ሆነች።

በሦስት ሰዓት ላይ ተጫዋቾች እንደሚመጡ ነገሩኝና ምንጣፍ የመሰለውን የመጥረጊያ መረብ አነሡ። እኔ ልጎትት አልኳቸው፤ አዲስ አበባ ኳስ አቀባይ እንደነበርኩም ጨመርኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ገመዱን ሰጡኝ። እጄ አልረሳውም። ከዳር ጀምሮ፣ ወደ መሐል እየጠበቡ፣ ሳይቸኩሉ መዞር ነው፤ ከተቸኮለ መረቡ ይዘላል። ከኋላዬ የሰዉ ዱካ ሁሉ እየጠፋ፣ ሜዳው እንደ ተበጠረ ፀጉር እየተኛ መጣ። ጫማዬ ቀይ ሆነ። የትናንትናዋንም ሞላላ ምልክት አለፍኩባት።

መሐል ደርሼ ገመዱን ስጥል አዛውንቱ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና በጣታቸው ወደ ወዲያኛው ጥግ፣ መስመሮቹ ወደሚገናኙበት አመለከቱ።

«ያቺን ዘለልካት» አሉኝ።

ገመዱን አንሥቼ ተመለስኩ።