በአንድ ፊኛ ግማሽ ዕድሜን እንዴት ለካን

የራዲዮአክቲቭ፣ ማለትም አቶሙ በራሱ እየፈረሰ ጨረር የሚያወጣ ነገር፣ ትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የቁጥር ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ቁጥሩን ይተካል፣ ክረምት ሲመጣ ይረሳዋል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፍላጎቴ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ሲፈርስ ሰዓት ይዘው ራሳቸው እንዲለኩት ነበር። ራዲዮአክቲቭ ናሙና ገዝቶ ማስመጣት ግን ፈቃዱም ወጪውም ከትምህርት ቤት አቅም በላይ ነው። ደግነቱ መግዛት አያስፈልግም። ከምንተነፍሰው አየር ላይ መሰብሰብ ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈርና ድንጋይ ውስጥ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ትንሽ ዩራኒየም አለ። ዩራኒየም ደረጃ በደረጃ እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል። ራዲየም ደግሞ ፈርሶ ራዶን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ጋዝ በመሆኑ በአፈሩ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ ምድር ቤት ባለ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ግን ይጠራቀማል። የራዶን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 3.8 ቀን ነው። ራዶን ሲፈርስ በተራ የሚተኩት ፖሎኒየም፣ እርሳስና ቢስመዝ ጋዝ አይደሉም። አብዛኞቹም ሲፈጠሩ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ነው። ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ነገር ካገኙ ሄደው ይለጠፉበታል። ፀጉር ላይ የታሸ ፊኛ ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ዘዴው በሙሉ ይኸው ነው።

የጨረር መቁጠሪያውን፣ ማለትም ጋይገር ካውንተሩን፣ የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለገና ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። በእጅ የሚያዝ ርካሽ ዕቃ ነው። ውስጡ ጋዝ ያለባት ቀጭን ቱቦ አለች። ጨረር ሲያልፍባት ጋዙ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መሣሪያውም «ጠቅ» ይላል። ሃንስ ጋይገር ከኧርነስት ራዘርፎርድ ጋር የመጀመሪያውን መቁጠሪያ የሠራው በ1908 ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ቱቦ ደግሞ ከቫልተር ሙለር ጋር በ1928 አወጡት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያደረግነው ምንም ሳይኖር መቁጠር ነው። ይህን ማንም እንዳይዘል አጥብቄ እመክራለሁ። መሣሪያውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። በደቂቃ 30 አካባቢ ይቆጥራል።

«ቲቸር፣ ምንም ነገር የለም እኮ! ምኑን ነው የሚቆጥረው?» አለችኝ አንዷ ተማሪ።

ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይገኛል? ከግድግዳው፣ ከወለሉ፣ ከገዛ ሰውነታችን፣ ከሰማይም ጨረር ይመጣል። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በ1912 መለኪያውን ይዞ በባሎን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ሲጨምር አየና ከጠፈር የሚመጣ መሆኑን ተረዳ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአጎቴ ልጅ ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቀው ቤቱ ይህንኑ መሣሪያ ሲሞክረው በደቂቃ 20 እንኳ አይሞላም ነበር። የከፍታችን ድርሻ እዚያ ልዩነት ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ቁጥሩን ማክበር ጀመሩ።

ከዚያ ወደ ፊኛው ሄድን። የቦታው ምርጫ ወሳኝ ነው። የተሰባበሩ ዴስኮች የሚቀመጡበት፣ ምድር ቤት ያለ፣ በሩ ብዙ የማይከፈት ክፍል መረጥን። ጊዜው በጋ ነበር። አየሩ እርጥብ ከሆነ ፊኛው ቻርጁን ቶሎ ስለሚያጣ ደረቁ ወቅት ይሻላል። ተራ የልደት ፊኛ ነፋን፤ አንዱ ልጅ በፀጉሩና በሱፍ ሹራቡ ደህና አድርጎ አሸው። ከግድግዳ አርቀን በክር አንጠለጠልነው፣ በሩን ዘጋን፣ አንድ ሰዓት ያህል ተውነው።

ስንመለስ ጓንት ያደረገ ልጅ ፊኛውን ከቋጠሮው አጠገብ ቀስ ብሎ ቀደደና አየሩን አስወጣ። የተጨማደደውን ጎማ መቁጠሪያው ቱቦ ላይ አስጠጋው። ጠቅታው ተከታትሎ መጣ፤ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸገረ። በደቂቃ ወደ 300 ይጠጋል። ከባዶ ክፍል አየር፣ በተራ ፊኛ! ጫጫታው እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ልጆች ሰዓት ያዙ፣ አንዷ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቁጥሩ ወደ 165 ወረደ። ግማሽ አልሆነም አሉ። «ባዶውን ቀንሱ» አልኳቸው። 300 ሲቀነስ 30፣ 270። 165 ሲቀነስ 30፣ 135። ልክ ግማሽ! እንደገና ያን ያህል ስንጠብቅ 100 አጠገብ ደረሰ፤ 30ው ሲቀነስለት የ135 ግማሽ ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሣሪያው ከባዶው ክፍል ብዙም የማይለይ ቁጥር ይሰጥ ነበር።

ይህ 40 ደቂቃ የአንድ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜ አይደለም። ፖሎኒየም-218 (ቁጥሩ የአቶሙን ክብደት ይነግራል) በ3 ደቂቃ ግማሹ ስለሚያልቅ እኛ መቁጠር ሳንጀምር አብዛኛው ሄዷል። የምንሰማው የእርሳስ-214 እና የቢስመዝ-214 ጨረር ነው። የአንደኛው ግማሽ ዕድሜ 27 ደቂቃ፣ የሌላው 20 ደቂቃ ያህል ነው። አንዱ ሌላውን እየወለደ ስለሚሄድ ድምሩ ከሁለቱም ዘግይቶ ይወርዳል። ጎበዝ ተማሪ ይህን ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ እኔ ጋ ሁለት ልጆች አስልተውታል።

ራዘርፎርድና ፍሬድሪክ ሶዲ በ1902 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያዩትም የዚህ ዘመድ ነው። ቶሪየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ብረት ውስጥ ያለ አንድ በጣም ንቁ ነገር በኬሚስትሪ ለይተው አወጡ። የወጣው ነገር በ4 ቀን ገደማ ኃይሉ በግማሽ ወረደ። የተረፈው ቶሪየም ደግሞ በዚያው ፍጥነት ኃይሉ ተመለሰለት። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ያን ጊዜ ለመናገር ድፍረት ይጠይቅ ነበር፦ አቶም ይፈርሳል፣ ፈርሶም ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። ለእኔ ከአንሪ ቤክሬል የ1896ቱ የፎቶ ፕሌት ይልቅ፣ እንዲያውም ከማሪ ኩሪና ከፒየር ኩሪ የራዲየም ግኝት ይልቅ፣ የዘመናዊ ፊዚክስ በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ቤክሬል ዩራኒየም ጨረር እንደሚያወጣ አሳየ። ኩሪዎቹ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ የመጣው ከሞንትሪያል ነው።

ክፍል ውስጥ በጣም ያከራከረን ሌላ ጥያቄ ነው። ፊኛው ላይ ካሉት አቶሞች ቀጥሎ የሚፈርሰው የትኛው ነው? ማንም አያውቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም ሰጠሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወረውራል፤ ዘውድ የወጣለት «ፈረሰ» ተብሎ ይቀመጣል። የትኛው ልጅ እንደሚቀመጥ አይታወቅም፤ ግማሽ ያህሉ እንደሚቀመጥ ግን ይታወቃል። ቆሞ የቆየው ልጅ «ተራዬ ደርሷል» ማለት አይችልም። አቶምም እንደዚያው ነው፤ አያረጅም። በ1928 የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞቭ፣ ለብቻቸው ደግሞ ገርኒና ኮንደን፣ ይህን ለአልፋ ጨረር በኳንተም መካኒክስ፣ ማለትም በጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ፣ አብራሩት። የአልፋ ቅንጣት (አንዳንድ አቶም ሲፈርስ የሚተፋት) በራሷ ጉልበት ልትሻገረው የማትችለውን የኒውክለስ፣ ማለትም የአቶሙን እምብርት፣ ግድግዳ ሾልካ የማለፍ ትንሽ ዕድል አላት። ዕድሉ በየሰከንዱ ያው ነው።

መሞከር ለሚፈልግ መምህር የምለው አለኝ። ቆጠራው 100 ከሆነ 10 ያህል ወዲያ ወዲህ ማለቱ የተፈጥሮ ነው፤ 10,000 ከሆነ መዋዠቁ 100 ብቻ ነው፣ ማለትም ከመቶ አንድ። ስለዚህ ባዶውን ክፍል ረጅም ጊዜ ቁጠሩ፤ ፊኛውን ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ደምሩ። ግራፉን በሎጋሪዝም ወረቀት፣ ማለትም እኩል እርከኑ መደመርን ሳይሆን ማባዛትን በሚያሳይ ወረቀት፣ ሥሩት። በተራ ወረቀት ላይ የታጠፈ መስመር ያያሉ፤ በሎጋሪዝም ወረቀት ግን፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ፣ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ሲደረደሩ ነገሩ ይበራላቸዋል። የመጀመሪያውን ደብተር ሳትደልዙ አስቀምጡት። ፊኛው ላይ ያለው መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም እጅ መታጠብና ክፍሉን ማናፈስ ልማድ ይሁን።

ልጆቹ ይህን ከለኩ በኋላ ስለ ሉሲ ዕድሜ ስነግራቸው አሰማማቸው ተለወጠ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተባለው አጥንቱ ተለክቶ አይደለም። የተለካው አጥንቷ በተገኘበት በሃዳር ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም-40 አለ፤ ከፊሉ ወደ አርጎን ይለወጣል፣ ግማሽ ዕድሜውም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። የኦሞ ኪቢሽ የሰው ቅሪትም በ2022 ከ230,000 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ የተሰጠው ከላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተገናዝቦ ነው። «እኛ የሠራነው ነው በለኛ!» አለ ሹራቡን ያዋሰው ልጅ። አዎ፣ ሕጉ ያው ነው። የሚለየው ሰዓቱ ነው።

ለክረምቱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለን። ዝናብ ሲወርድ የራዶንን ልጆች፣ ማለትም ራዶን ሲፈርስ የሚፈጠሩትን፣ ከአየር ጠርጎ ያወርዳቸዋል። ዝናቡ እንደጀመረ ግቢው ውስጥ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ ያለውን ውሃ በሶፍት ጠርገን ቶሎ ወደ መቁጠሪያው እናመጣዋለን። ተማሪዎቹ የሐምሌን ዝናብ ከነሐሴው ጋር ማወዳደር ይፈልጋሉ፤ ሠንጠረዡን ከአሁኑ አስምረውታል።