የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ዘመን ስጽፍ የሳትኋት አንድ ዓመት

የታሪክ መምህርት ነኝ። በ2010 ዓ.ም. የሴቶችን ቀን፣ የካቲት 29ን፣ ምክንያት በማድረግ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡትን የመጀመሪያዋን ኢትዮጵያዊት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የሥራ ዘመን የሚያሳይ ትንሽ ዐውደ ርእይ ከተማሪዎቼ ጋር አዘጋጅቼ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ካለ እኔን የገጠመኝ እንዳይገጥመው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ነገር ባልተፈጠረ ነበር።

ሥራውን በስድስት ሰሌዳ ከፋፈልነው። በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም መወለዳቸውን፣ በስዊዘርላንድ መማራቸውን፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር መሰለፋቸውንና ተማርከው ወደ ጣልያኗ አዚናራ ደሴት መጋዛቸውን፣ ከነፃነት በኋላ በደሴ ማስተማራቸውንና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር መሆናቸውን፣ ከዚያም ፓርላማውን። ፎቶዎቹን ሰበሰብን፣ ጽሑፉን ልጆቹ ጻፉ፣ እኔ አረምሁ። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት አልፈጀም።

ሁለት ወር የበላብን ፈቃዱ ነው። ዐውደ ርእዩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ለሕዝብ ይታይ ስለተባለ ጽሑፉ በአንድ መሥሪያ ቤት መታየትና ማኅተም ማግኘት ነበረበት። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ለሚመለከተው ሁሉ» ስለሚል ተመለሰ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዞ ሄደ፤ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛውን መዝገብ ቤት ተቀበለኝ፤ ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። እዚያ ኮሪደር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ የስንት ክፍል ተማሪ ፈተና እንዳረምሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ሲቀበሉኝ ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ ያሉኝ የመክፈቻው ሰሌዳ ስለ አባታቸው ስለ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይሁን ነው። ይህን ተከራክሬ አስቀረሁ። ከንቲባ ገብሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ዐውደ ርእይ ይገባቸዋል። የሴት ልጅን ታሪክ ሁልጊዜ በአባት ከጀመርን ግን ተማሪዎቼ የሚይዙት ነገር ልጅቷ ያደረገችውን ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆነች ነው። በዚህ ጉዳይ ማንም የሚያወጣውን መመሪያ አልቀበልም፤ እናንተም አትቀበሉ።

ቀጥሎ እስክሪብቶው ፓርላማው ላይ አረፈ። እኔ የጻፍሁት «መስከረም 1950 ዓ.ም.» ብዬ ነበር። ኃላፊው በፊታቸው አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበር፤ 1957 ይላል። «እህቴ፣ ከፈረንጁ ስምንት ይቀነሳል፤ 1949 ነው» ብለው ሰረዙት። መስከረም ከሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው አልኋቸው። የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ስምንት መቀነስ ነው፣ ሁሉም ጽሑፍ በአንድ ዓይነት እንዲሆን ነው፣ አሉኝ። ጉዳዩን አያክብዱት አሉኝ።

ይህን ጊዜ በቦርሳዬ ውስጥ የዘመኑ ጋዜጣ ፎቶ ኮፒ ነበር። ስለ ምርጫው የሚያወራው ገጽ አናት ላይ በግእዝ ቁጥር ፲፱፻፶ ተብሎ ተጽፏል። ፵፱ን ከ፶ ጋር ማንም አያምታታም። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። አላወጣሁትም። ባነር አታሚው እስከ ዓርብ ካላመጣችሁ አይደርስም ብሎኛል፤ ማኅተሙ እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ይታየኛል፤ ከተከራከርሁ እንደገና ስብሰባ ሊገቡ ነው። «እሺ» አልሁ። ኃላፊው ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውን በመመሪያ ሸፍነዋል። እኔ ግን እውነቱን እያወቅሁ ፈርሜ ወጣሁ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጆችን «ማስረጃችሁን አሳዩ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

ስሕተቱ ደግሞ በአንድ ቦታ አላቆመም። ተማሪዎቼ እጅግ የኮሩበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበራቸው። ወይዘሮ ስንዱ የተማሩባት ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው በሕዝብ ከተመረጡ ከ13 ዓመት በኋላ። አንዷ ልጅ ይህን ራሷ አግኝታ ራሷ አስልታ ነው የጻፈችው። ዓመቱ ሲለወጥ የእርሷም 13 ወደ 14 መለወጥ ነበረበት። «ለምን ቲቸር? ልክ ነበርሁ እኮ» አለችኝ። የሰጠኋትን መልስ እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

በተከፈተ በሁለተኛው ቀን የአንዷ ተማሪ አያት መጡ። በከዘራቸው ተደግፈው ሰሌዳውን ፊደል በፊደል አነበቡ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው? እኔ እኮ መርጫለሁ። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ነው የሄድነው፤ የበኩር ልጄን አዝዬ። እርሱን የወለድሁት በአርባ ዘጠኝ ክረምት ነው። ምርጫው ሃምሳ ከገባ ነው።»

ከሦስት ደብዳቤና ከአንድ ክብ ማኅተም ይልቅ የእኚህ እናት ክረምትና መስከረም ትክክል ነበር። እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸው ምንም አላሉም፤ ከዘራቸውን 1949 ላይ አድርገው «ይህ ይጥፋ» አሉ። በዚያው ቀን ነጭ ወረቀት ለጥፈን በእጃችን 1950 ብለን ጻፍንበት፤ በሳምንቱ ከደመወዜ አዲስ ባነር አሳተምሁ። ልጅቷ 13ቷን ራሷ መልሳ ጻፈች።

አሁን ምክሬን ልናገር። ከአውሮፓው ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይቀነሳል። ወሩን የማይናገር ምንጭ ካገኛችሁ ወሩን ሳታገኙ አትቀንሱ። የእኛ የሴቶች የፖለቲካ ታሪክ በዚህ በኩል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት የሰጠው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣው በጥቅምት 1948 ነው፤ ስምንት የሚቀንስ ሰው 1947 ይለዋል። ምርጫውም መስከረም ላይ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ቀኖች የወደቁት ሰባት በሚቀነስበት ወር ነው። የወይዘሮ ስንዱ ዕረፍት ግን ሚያዝያ ላይ ስለሆነ 2009 ላይ ስምንት ቀንሳችሁ 2001 ትላላችሁ።

«የመጀመሪያዋ» የሚለውን ቃልም ብቻውን አትተዉት። «የመጀመሪያዋ ሴት ፖለቲከኛ» ብሎ መጻፍ ንግሥት ዘውዲቱን መርሳት ነው፤ እቴጌ ጣይቱን መርሳት ነው። በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ካላችሁ ማንም አይነቀንቃችሁም። እዚያም አታቁሙ። ብዙ ጽሑፍ ከምርጫው ቀን በኋላ ያሉትን ዓመታት ይዘላል። ወይዘሮ ስንዱ በኋላ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እኛ ለዚህ የሰጠነው ሁለት መስመር ነው፤ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ልንሰጠው ይገባ ነበር። ኮሪደር ላይ ያለቀው ጊዜ የዚያ ሰሌዳ ጊዜ ነው።

ደብዳቤ ስታጽፉ ሦስት ኦርጅናል አስፈርሙ። ፎቶ ኮፒያችሁን ቦርሳ ውስጥ አትተዉት፤ ገና ስትቀመጡ ጠረጴዛው ላይ አድርጉት።

ለመሥሪያ ቤቱ የእርማት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ የጋዜጣውንም ገጽ አያይዣለሁ። በመዝገባቸው ያለው ጽሑፍ አሁንም 1949 ይላል። መልስ አልመጣም። የገቢ ቁጥሩ እጄ ላይ ስላለ ክፍል በሌለኝ ቀን እየሄድሁ እጠይቃለሁ።