የታደሰውን ቶርክፍላይት ካምቢዮ ማስተካከል

እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራው ዶጅ መኪናዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ የፍሪሲዮን ዲስኮቹ፣ የጎማ ማኅተሞቹና ባንዶቹ በአዲስ ተተክተው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልነዳው ስወጣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ለማቆም ተገደድሁ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲሸጋገር ሞተሩ በድንገት ጮኸ፤ መኪናው ግን አልተከተለውም። ሽግግሩም ከሚገባው በላይ ፈጥኖ የሚመጣና ልፍስፍስ ነበር። ወዲያውኑ ሞተሩን አጥፍቼ መኪናውን አስጎትቼ መመለሴ አዲሶቹን ዲስኮች ከመቃጠል እንዳዳናቸው አምናለሁ።

ይህ ካምቢዮ ክራይስለር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአሉሚኒየም ሳጥን ያቀረበው ባለ ሦስት ማርሽ ቶርክፍላይት ኤ-727 ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ማርሽ የሚለውጥበትን ጊዜ የሚወስነው ሁለት የዘይት ግፊቶችን በማነጻጸር ነው። አንደኛው ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚያድግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የነዳጅ ፔዳሉ በተረገጠ መጠን የሚጨምር ነው። ይህን ሁለተኛውን ግፊት የሚያዝዘው ከካርቡራተሩ ተነሥቶ በካምቢዮው ጎን ካለች ትንሽ ማንሻ ጋር የሚገናኘው ዘንግ ነው። ብዙ ሰው ዘንጉን «ኪክዳውን» ብሎ ስለሚጠራው ለመቅደም ሲፈለግ ማርሽ ከማውረድ ሌላ ጥቅም ያለው አይመስለውም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማስበው። በእርግጥ ግን የዘንጉ ዋና ሥራ ሞተሩ በከበደው መጠን ፍሪሲዮኖቹን የሚያጣብቀውን ዋናውን ግፊት ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ተፈትቶ ወይም አጥሮ የሚነዳ ቶርክፍላይት፣ እድሳቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ በሙሉ ኃይል የሚዞረውን ሞተር በደካማ ግፊት ለመያዝ ይገደድና ዲስኮቹን ያቃጥላል።

የእኔም ችግር ከዚሁ የመነጨ ነበር። ካምቢዮው በወረደበት ጊዜ አሮጌውን ካርቡራተር በሌላ ሥሪት ለውጬ ስለነበር፣ ዘንጉ የሚያያዝበት ፒን ከመዞሪያው ያለው ርቀት ከቀድሞው አንሶ ነበር። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ የካምቢዮው ማንሻ መጨረሻ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ሲኖርበት፣ የእኔው ገና ብዙ ጉዞ እየቀረው ይቆም ነበር። ይህን ያወቅሁት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጓደኛዬ ፔዳሉን እንዲረግጥልኝ አድርጌ፣ እኔ ከሥር ሆኜ ማንሻውን በእጄ በመግፋት ነው። ካርቡራተሩን በእጅ ከፍቶ መፈተሽ ግን አያስተማምንም፤ የፔዳሉ ገመድ ራሱ ሙሉ በሙሉ የማይከፍት ሊሆን ይችላል። የፒኑን ርቀት ወደ ትክክለኛው የሚመልስ ማያያዣ ካስገባሁ በኋላ፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ክፍት ሆኖና ካርቡራተሩ ከከፍተኛ ሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ቀዝቃዛ ሞተር ከሚዞርበት ከፍ ያለ ዙር) ወርዶ፣ ማንሻው ወደ ፊት እስከ መጨረሻው እንደተገፋ የዘንጉን ርዝመት አስተካከልሁ፤ ከዚያም ፔዳሉን አስረግጬ የሙሉውን ጉዞ መጨረሻ እንደገና ተመለከትሁ።

ዘይቱን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። በዚያ ዘመን ቶርክፍላይት ማርሹ «ፒ» (ማቆሚያ) ላይ ሲሆን የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ቶርክ ኮንቨርተር ዘይት አያገኝም፤ ስለዚህ ልኩ የሚታየው ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹም «ኤን» (ገለልተኛ) ላይ ሆኖ ነው። «ፒ» ላይ የተለካ ዘይት ሙሉ መስሎ ሊታይ ሲችል፣ በጉዞ ላይ ግን ፓምፑ አየር ይስባል፤ መንሸራተቱም የፍሪሲዮን ጥፋት ይመስላል።

ባንዶቹ ከበሮዎቹን ከውጭ አቅፈው የሚያቆሙ የብረት ቀበቶዎች ናቸው። የፊተኛው በሁለተኛ ማርሽ ይሠራል፤ ማስተካከያ ቪቴውም ከሳጥኑ ውጭ በግራ በኩል ይገኛል። የኋለኛው በኋላ ማርሽና በእጅ በሚመረጠው አንደኛ ይሠራል፤ እርሱን ለማግኘት ግን ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) መውረድ አለበት። በእኔ ሞተር ዓይነት ላይ የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፤ ማጽኛ ዳዶው ይላላል፣ ቪቴው እስከ 72 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም 8 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፣ ከዚያም ልክ 2 ዙር ይመለስና ቪቴው ሳይነቃነቅ ዳዶው ይታሰራል። ይህ ኃይል እጅግ ትንሽ በመሆኑ በእጅ ስሜት አይገመትም፤ ትንሽ ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል። አንድ ጠቃሚ መለያም አለ፦ የኋላ ማርሽ ሲንሸራተት በእጅ የተመረጠው አንደኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዝ ከሆነ ባንዱ ደኅና ነውና ጥርጣሬው ወደ ፊተኛው ፍሪሲዮን ይዞራል፤ አንደኛውም የማይዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚፈተሸው የኋለኛው ባንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግምት አልበቃኝምና የግፊት መለኪያ ገጠምሁ። መኪናው በድጋፎች ላይ ተነሥቶ በአንደኛ ማርሽ በደቂቃ 1000 ዙር ሲሠራ፣ የካምቢዮው ማንሻ ወደ ፊት ሲሆን ከ54 እስከ 60፣ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሲገፋ ደግሞ ከ90 እስከ 96 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) መታየት አለበት። የእኔ መኪና 57 እና 93 አሳየ። መርፌው ማንሻውን ተከትሎ ያለ መንቀጥቀጥ ሲወጣ ሳየው የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም፤ ምክንያቱም ያ ንባብ ዘንጉ ግፊቱን በትክክል እንደሚያዝዝና በአንደኛ ማርሽ የሚሠሩት አዲሶቹ ማኅተሞች እንደማያፈሱ ይጠቁማል።

አሁን በቀስታ ሲነዳ ሽግግሮቹ ለስላሳ ናቸው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘግይተውና ጠንክረው ይመጣሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፓውን አውርጄ ስመለከት ማግኔቱ ላይ ያገኘሁት ስስ ግራጫ ዝቃጭ ብቻ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅርፊት አልነበረም። አዲሱ የባንድ ሽፋን ቦታውን ስለያዘ የፊተኛውን ቪቴ እንደገና ለክቼ ሩብ ዙር ያህል አስተካከልሁት፤ የኋለኛው ከነበረበት አልተነቃነቀም።