«እንደ ማር» ያልኩበት ምሽት

ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ያልመከረኝ ሰው የለም። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ጆሮህ ይደፈናል፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዝ። ጠጅ ቤት ገብተህ አዝማሪ ፊት ግጥም እንዳትሞክር ያለኝ ግን አንድም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ስንነሳ አለቆቻችን አንድ ወረቀት አደሉን። «የታሸገ መጠጥ ብቻ ይጠቀሙ» ይላል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎጃም ከገባ በኋላ ቢራ ብቻ ጠጥቶ የሚመለስ ሰው ምን ሊያወራ ነው? ወረቀቱን የጻፈው ሰውዬ ጉሽ ጠላ ቀምሶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

ጠላው ቀላል ነው። በሩ ላይ እንጨት ቆሞ ጣሳ ከተደፋበት ግባ። ሻጯ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ትቀዳልሃለች። ቆሎ ካለ እሰየው። ቅራሪ ከደረሰህ አርፍደሃል ማለት ነው።

ስለ አረቄ ብዙ አልልም። ዳግም የሚሉትን፣ ሁለቴ የወጣውን፣ በባዶ ሆዴ ቀምሻለሁ። እንዴት እንደገባሁ ትዝ ይለኛል። እንዴት እንደወጣሁ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እዚህ ላይ እንኳ ወረቀቱ ልክ ነበር።

ወደ ጠጁ ልምጣ።

ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ወንበር፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ። ባለቤቷን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ብርሌዬ አንገት ላይ አንዲት ንብ ትዞራለች። በአውራ ጣቴ ከደንኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ይህን አይተው «አሁን ጠጪ ሆንክ» አሉኝ። ያበላሸኝ ይህ ሙገሳ ሳይሆን አይቀርም።

አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዞረ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ሁሉም ያምርበታል። እኔም ሦስተኛው ብርሌ ላይ ነበርኩ። የት እንዳለሁ ረሳሁ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው እኮ! እዚህ ጠጅ ቤት ከሚቀመጠው ሰው ስንቱ በልጅነቱ ቅኔ ቆጥሯል። እኔ ደግሞ ግጥም የማውቀው የሠርግ ካርድ ላይ ነው።

«ተቀበል!» አልኩ ተነስቼ።

«እሺ ጌታዬ።»

ስንቱን ጠጅ ቤት ዞርኩ፣ ስንቱን ጠጅ ቀመስኩ፣
እንደ ማር ከሚጥም፣ ዛሬ ገና ደረስኩ።

እትዬን ላወድስ ነው እንግዲህ። ጭብጨባ ጠበቅኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን አንዴ ሳብ አደረገና ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስካሁን አልወደውም።

እንግዳውን ስሙት፣ ሐቀኛ ነውና፣
«እንደ ማር» ነው አለ፣ ማር ነው አላለና።

ቤቱ ፈረሰ። አንዱ ከሳቁ ብዛት ብርሌውን ደፋ። እኔ አሁንም አልገባኝም። አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምሳሌው ከመጣ አማናዊው የለም ማለት ነው። በስኳር የተጣለ ነው እያልካቸው እኮ ነው» አሉኝ።

ለጠጅ ጣይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ላስተባብል አፌን ስከፍት ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሹም ቀደመኝ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። «እንግዲህ ጥቆማ ደርሶናል፣ ነገ መጥተን እናጣራለን» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። ሹሙም ቀልዱን አልተወም፤ እያጣራሁ ነው እያለ ሁለት ብርሌ በነጻ ጠጣ። በራሴ አፍራለሁ፣ በእሱ ግን እስከ ዛሬ እበሽቃለሁ። ስህተቱ የእኔ፣ ጠጁ የእሱ!

እትዬ ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በሳህን አንድ ነገር ይዘዋል። ቢጫ፣ እርጥብ፣ የጌሾ ቅጠል ጣል ጣል ያለበት። ከጋኑ ላይ የተገፈፈ ሰፈፍ ነው፤ የማሩ ሰም። አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት። ሽታው የቀፎ ነው።

«ይህ ከስኳር ይወጣል?»

«አይወጣም፣ እትዬ።»

«ወርቁ ጠፍቶብሃል። ሰሙን እንኳ እይ።»

አዝማሪው ማሲንቆውን አስቀምጦ አጨበጨበ። አዛውንቱ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። የዚያን ምሽት ምርጡን ቅኔ የተቀኙት ማሲንቆ ያልነኩት እትዬ ናቸው።

የእኔ ቅጣት ለ11 ሰው አንድ አንድ ብርሌ ሆነ፣ ሹሙን ጨምሮ። አዝማሪው ግንባር ላይም 10 ብር ለጠፍኩ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ዘበኛው «እንደምን አደርክ፣ እንደ ማር» አለኝ። ስሙ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

እና ምክሬ? ግጥም ካማረህ ከአዝማሪው ተዋሰው። እሱ በጆሮህ ሹክ ይልሃል፣ አንተ ጮክ ብለህ ትለዋለህ፣ ነውር የለውም። ባለቤቷን ማመስገን ከፈለግክ ብርሌህን ጨልጠህ «ድገሙኝ» በል። ሹም አጠገብ ደግሞ አትቀመጥ።

ሁለት ዓመት ከርሜ ስመለስ እትዬን ልሰናበት ሄድኩ። ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን ሞልተው ሰጡኝ። ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልለው አጠበቁትና እንዲህ አሉ፦

«አዲስ አበባ ስትደርስ ለሰዎችህ ቅዳላቸው። ምን ይመስላል ቢሉህ ግን፣ አደራ፣ ዝም በል።»